ስሜን ከጉግል ላይ አንሡልኝ

ባለፈው መንፈቀ ዓመት አንዲት የጊኒር ልጅ የሆነች እጩ መምህርት ከክፍል በኋላ በር ላይ ጠብቃ አስቆመችኝና «መምህር፣ አንድ ነገር ላማክርዎት፤ ስሜን ከጉግል ላይ እንዴት ነው የማስነሣው?» አለችኝ። ስሟን ለጉግል የሰጠችው እሷ አልነበረችም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት የጊዜያዊ ሥራ አመልካቾችን ዝርዝር በድረ ገጹ ላይ አውጥቶ ነበር። በዝርዝሩ ላይ ስም ከነአባትና ከነአያት፣ ዕድሜ፣ ቀበሌና የስልክ ቁጥር ሰፍሯል። ሥራው አለቀ፤ ዝርዝሩ ግን እዚያው ቀረ። ዛሬ አንድ ሰው ስሟን በስልኩ ላይ ቢጽፍ መጀመሪያ የሚወጣለት እሱው ነው።

ታዲያ አንድ ቀን የማታውቀው ሰው ደወለላት። «ከባንክ ነው የምንደውለው። የአያትሽ ስም እገሌ አይደለም ወይ? ቀበሌሽስ እዚህ አይደለም ወይ? እንግዲያው አሁን በመልእክት የገባልሽን ቁጥር ንገሪኝ» አላት። የአያቷን ስም አስተካክሎ ሲጠራላት እውነት መስሏት ቁጥሩን ልትነግረው ትንሽ ነበር የቀራት። የአያትን ስም ከዘመድና ከቀበሌ በቀር ማን ያውቃል ብላ ነው። ድሮ ቢሆን ልክ ነበረች።

ጥያቄዋ አንድ ቢሆንም መልሱ አንድ አልሆነልኝም። የኮምፒዩተር መምህራችንን ጠየቅሁ፤ የሕግ መጻሕፍትም አገላበጥሁ። ያገኘሁት ለሁላችሁም ይጠቅማል ብዬ እነሆ በዚህ ግድግዳ ላይ አሰፈርሁት።

ለመሆኑ ጉግል ስማችንን ከየት ያመጣዋል? በቤተ መጻሕፍት መሳቢያ ውስጥ ይደረደሩ የነበሩትን የካታሎግ ካርዶች የምታስታውሱ መምህራን ትኖራላችሁ። ካርዱ መጽሐፉ አይደለም፤ መጽሐፉ በየትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚጠቁም ቁራጭ ወረቀት ነው። ጉግል፣ ቢንግና እነሱን የመሰሉ መፈለጊያዎችም እንደዚሁ ናቸው። ሮቦት የሚባሉት ፕሮግራሞቻቸው ቀንና ሌሊት ከድረ ገጽ ወደ ድረ ገጽ እየተዘዋወሩ ያገኙትን ያነብባሉ፤ ለየቃሉም ካርድ ያወጣሉ። በፒዲኤፍ የተቀመጠ የስም ዝርዝርም አያመልጣቸውም። እኛ አንድ ስም ስንጽፍ የሚፈተሸው ይህ የካርድ መሳቢያ እንጂ በዓለም ዙሪያ ያለው ገጽ ሁሉ አይደለም። መልሱ በሰከንድ የሚደርሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ካርዱን ብንቀድደው መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ ይቀራል፤ አድራሻውን የሚያውቅ ወይም በሌላ መፈለጊያ በኩል የመጣ ሰው ያነብበዋል። መጽሐፉን ከመደርደሪያው ብናወጣ ደግሞ ሮቦቱ ተመልሶ እስኪጎበኝ ድረስ ካርዱ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት በመሳቢያው ውስጥ ይቆያል። ብዙ ሰው «አስጠፋሁት» ብሎ ተደስቶ ሲያበቃ በማግሥቱ ስሙን መልሶ የሚያየው ከሁለቱ ሥራዎች አንዱን ብቻ ሠርቶ ስለሚያርፍ ነው።

ይህ ካርዱን ከመጽሐፉ የመለየት ነገር ፍርድ ቤት ደርሶ ያውቃል። ማሪዮ ኮስቴሃ ጎንዛሌስ የተባለ ስፔናዊ የማኅበራዊ ዋስትና ዕዳ ስለነበረበት ንብረቱ በሐራጅ እንዲሸጥ በእኛ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. በባርሴሎናው ላ ቫንጓርዲያ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ወጣ። እኛም አገር በየጋዜጣው ዘወትር የምናየው ዓይነት የሐራጅ ማስታወቂያ ነው። ድሮ ቢሆን ጋዜጣው በሳምንቱ የሱቅ ስኳር ይጠቀለልበትና ነገሩ ያበቃ ነበር። ላ ቫንጓርዲያ ግን የቆዩ እትሞቹን ወደ ኮምፒዩተር አስገባ። ዕዳው ካለቀ ከዓመታት በኋላም የሰውየውን ስም በጉግል የፈለገ ሁሉ ያችኑ ማስታወቂያ ያገኝ ጀመር። ሰውየው በ2002 ዓ.ም. አቤት አለ። የስፔን የመረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጋዜጣው ያወጣው ሕጋዊ ማስታወቂያ ነው ብሎ በጋዜጣው ላይ የቀረበውን አቤቱታ ውድቅ ሲያደርግ በጉግል ላይ ያቀረበውን ግን ተቀበለ። ጉግል ተከራከረ። በመጨረሻም ግንቦት 5 ቀን 2006 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት፣ አንድ ሰው በስሙ ሲፈለግ የሚወጣው መረጃ ጊዜው ያለፈበትና አግባብ የሌለው ከሆነ መፈለጊያው ከውጤቱ ውስጥ እንዲያወጣው ሊገደድ ይችላል ሲል ወሰነ። መጽሐፉ ይቆይ፣ ካርዱ ይነሣ እንደ ማለት ነው። (የሚያሳዝነው፣ ዕዳው እንዲረሳለት የጠየቀው ሰው በዚሁ ክስ ምክንያት ዕዳው በዓለም ሁሉ ታወቀ። ይኸው እኔም እያወራሁት ነው።)

ይህ መብት ግን የአውሮፓ ነው። ያው ፍርድ ቤት በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ጉግል በዚህ ሕግ መሠረት በዓለም ዙሪያ እንዲሰርዝ አይገደድም ብሏል። ጀርመን ወይም ጣሊያን አገር የሚኖር ወንድማችን በዚህ መንገድ ማመልከት ይችላል፤ የጊኒሯ እጩ መምህርት ግን አትችልም።

ታዲያ እኛ ምን አለን? ምንም የለንም ማለት ስሕተት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ይደነግጋል። ከዚያ ብዙ ቀድሞ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 ላይ የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥ እንደማይቻል ተናግሯል። አሁን ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። በዚህ አዋጅ መሠረት ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ ለማየት፣ የተሳሳተውን ለማሳረምና ገደብ ባለው ሁኔታም ለማሰረዝ ይችላል። የበላይ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ጉግል ዋና መሥሪያ ቤቱ አሜሪካ ስለሆነ ለጊኒሯ ልጅ የአዋጁ ትልቁ ጥቅም ዝርዝሩን ያወጣውን የአገር ውስጥ መሥሪያ ቤት በሕግ ቋንቋ ለመጠየቅ ማስቻሉ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ አስቀድሞ ማስረጃ መያዝ ያስፈልጋል፤ የገጹን ሙሉ ሊንክ ገልብጦ፣ ስክሪንሹት አንሥቶ፣ ቀኑን መጻፍ። ሰዎች ከድንጋጤ የተነሣ ለማስጠፋት ይሮጡና በኋላ ፖሊስ ዘንድ ሲሄዱ በእጃቸው ምንም አይገኝም። ቀጥሎ ጽሑፉን ላወጣው ክፍል ማመልከት ነው። ማመልከቻው አጭር ይሁን፤ ሊንኩን፣ በየትኛው ገጽና ተራ ቁጥር ስም እንዳለ፣ ዝርዝሩ የወጣበት ጉዳይ ማለቁን ይግለጽ። መሥሪያ ቤቱ ዝርዝሩን በሙሉ ማንሣት ካልፈለገ ቢያንስ የስልክና የቀበሌውን ዓምድ እንዲያጠፋ መጠየቅ ይቻላል። ይህን የሚቃወም ኃላፊ ብዙ አይገኝም።

አንዳንድ የድረ ገጽ ሠራተኞች ግን «ሮቦቱን ከልክለነዋል፤ በቃ» ይላሉ። ሮቦትስ ቲኤክስቲ የሚባለው ፋይል ሮቦቱ ገብቶ እንዳያነብ ይከለክላል እንጂ የወጣውን ካርድ አያስቀድድም። ገጹ እንዲቆይ፣ ከመፈለጊያ ግን እንዲወጣ ከተፈለገ በገጹ ላይ ኖኢንዴክስ የሚለውን ትእዛዝ ማስገባት፣ ሮቦቱም ትእዛዙን እንዲያነብ በሩን መክፈት ነው። በሩን ዘግተውበት ማስታወቂያውን ውስጥ ቢለጥፉለት እንዴት ብሎ ያነብባል?

ገጹ ከተነሣ ወይም ከታረመ በኋላ ለጉግል «ጊዜው ያለፈበት ይዘት ይታደስ» የሚል ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል፤ የገጹ ባለቤት መሆን አያስፈልግም። ባለቤቱ አሻፈረኝ ካለ ደግሞ ለጉግል በቀጥታ ማመልከት አለ። ጉግል የስልክ ቁጥርን፣ የመኖሪያ አድራሻን፣ የመታወቂያና የባንክ ሒሳብ ቁጥርን፣ የፊርማ ምስልንና የሕክምና ማስረጃን የያዙ ውጤቶችን በጥያቄ መርምሮ ያነሣል። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ፎቶግራፍም በልጁ ወይም በወላጁ ጥያቄ ከምስል ውጤቶች ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ገጹ የመንግሥት፣ የትምህርት ተቋም ወይም የጋዜጣ ከሆነ «ለሕዝብ ይጠቅማል» ብሎ ጥያቄውን ላይቀበል ይችላል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ወደ ምንጩ ሂዱ የምለው፤ የእኛ ሰው ስም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከእነዚሁ ገጾች ነው።

ማመልከቻው በነፃ ነው። በቴሌግራም «ከጉግል ላይ በዚህን ያህል ብር እናጠፋለን» የሚሉትን አትመኑ፤ የጉግል መሳቢያ ቁልፍ በእጃቸው የለም። ጉግል ያነሣውን ቢንግ አያነሣውም፤ ለእሱም ለብቻው ማመልከት ነው። የራቁት ምስል ያለ ፈቃድ የተሠራጨባት ወይም «እለቅብሻለሁ» ተብላ የምትፈራራ ሴት ካለች ደግሞ ብር አትስጥ፤ ማስረጃውን ይዛ ለፖሊስ ታመልክት። ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባለው አገልግሎት ምስሉን ሳይወስድ፣ ከገዛ ስልኳ ላይ የምስሉን አሻራ ብቻ አውጥቶ ፌስቡክንና ቲክቶክን ለመሳሰሉት ድርጅቶች ያስተላልፋል፤ እነሱም ያው ምስል ሲመጣ ያግዱታል። አገልግሎቱ 18 ዓመት ለሞላቸው ነው።

አሁን በእኛ አካባቢ በተለይ ወደሚያስቸግረው ነገር እንምጣ፤ የስም አጻጻፍ። ስምህ የት የት እንዳለ ሳታውቅ ምኑን ታስነሣለህ? ፀሐይ የምትባል ልጅ ስሟ በጸሎቱ «ጸ»፣ በፀሐዩ «ፀ»፣ በሐመሩ «ሐ»፣ በሃሌታው «ሀ» ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ጫልቱ ደግሞ በቁቤ ስትጻፍ የምትጀምረው በላቲኑ «ሲ» ብቻ ነው፤ በእንግሊዝኛው ልማድ «ኤች» ይጨመርባታል፤ በግእዝ ፊደል ሌላ ናት። የቦታ ስምም እንደዚሁ ነው። ጊኒር «ጊንር» ተብሎም ይጻፋል፤ ሮቤ ብሎ የፈለገ ሰው የባሌውን ትቶ የአርሲውን ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ስማችሁን ስትፈልጉ በሦስቱም አጻጻፍ፣ ከአባትና ከአያት ጋር፣ ከወረዳና ከትምህርት ቤት ስም ጋርም ሞክሩ። የስልክ ቁጥራችሁንም በ09 ወይም በ07 አንድ ጊዜ፣ በ251 አንድ ጊዜ አድርጋችሁ ፈልጉ። በፈረንጅ አገር በአንድ የቤተሰብ ስም ሺህ ሰው ይጠራል፤ በእኛ አገር ግን ስም ከነአያቱ ወረዳ ሲጨመርበት ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሰው በላይ አይተርፍም።

መቼም ይህን ጽፌ የራሳችንን ቤት ሳልጠቅስ ባልፍ ትስቁብኛላችሁ። ይህን ጋዜጣ ለማንበብ የቆማችሁ ሁሉ በስተቀኝ በኩል የተለጠፈውን የውጤት ዝርዝር ታያላችሁ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ውጤት። ወረቀቱን ፀሐይና ዝናብ ያነሣዋል፤ በስልክ የተነሣውን ፎቶግራፉን ግን የሚያነሣው የለም። ለማስተማር ልምምድ ወደ ጎባና ሮቤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የምትወጡም የተማሪዎቹን ፎቶግራፍ ከነስማቸው ለሁሉ ክፍት በሆነ የቴሌግራም ቻናል ትለጥፋላችሁ። ለሁሉ ክፍት የሆነ ቻናል የቴሌግራም ደንበኛ ላልሆነ ሰው እንኳ በድረ ገጽ ይታያል፤ ለሮቦቱም እንዲሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 28 ለትምህርትና ለባህል ጥቅም የሚሆነውን ፎቶግራፍ ከክልከላው ስላወጣው ሁሉም ጥፋት ነው አልልም። የአንድን የሦስተኛ ክፍል ልጅ ስምና ዝቅተኛ ውጤት ለዓለም ማሳየት ግን የትኛው የትምህርት ጥቅም ይሆን? በመታወቂያ ቁጥር ብቻ መለጠፍ ይቻላል። የጽሕፈት ቤታችን ሰዎች «አንዱን ዓምድ መሰረዝ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው» ብለውኛል፤ የሚቀጥለውን ዝርዝር አብረን እናያለን።

የጊኒሯን ልጅ ጉዳይ ለጠየቃችሁኝ፦ መሥሪያ ቤቱ በሁለተኛው ማመልከቻ ዝርዝሩን አነሣው። ካርዱ ከዚያ በኋላ አሥር ቀን ያህል ቆይቶ ይታደስ ብላ ስታመለክት ወጣ። በአንድ የሥራ ማስታወቂያ ቻናል ላይ የተገለበጠው ቅጂ ግን እስካሁን አለ፤ የቻናሉ ባለቤት «ነገ» እያላት ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ስልኳን እንዳትቀይር ቴሌብሩም፣ የባንክ ሒሳቧም፣ የቤተሰቦቿም ልማድ በዚያው ቁጥር ላይ ነው። ያ ሰውዬ በቅርቡ ደግሞ ደውሎ የአያቷን ስም ሲጠራላት «ነገ ራሴ ቅርንጫፍ መጥቼ እነግራችኋለሁ፤ የየትኛው ቅርንጫፍ ነህ?» አለችው። ስልኩን ዘጋው።