በረዶና የኋላ ጎማ፤ በሰሜን ደጋዎች መንዳት

በ6ኛው መቶ ዓመት ወደ አዱሊስ የወረደው ነጋዴ ኮስማስ ከድንጋይ ላይ ገልብጦ ያቆየልን ጽሑፍ፣ አንድ የአክሱም ንጉሥ የሰሜንን ሕዝብ ለማስገበር በዘመተ ጊዜ ሠራዊቱ እስከ ጉልበቱ በሚያሰጥም በረዶ ውስጥ እንደ ተጓዘ ይተርካል። እንግዲህ በረዶ የባዕድ አገር ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ የገዛ አገሩን ጥንታዊ ድንጋይ ይጠይቅ። ዛሬም ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ የሚደርሰው፣ ከዚያም በሳንቃ በር አልፎ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የቧሂትን መተላለፊያ ተሻግሮ ወደ ጃን አሞራ የሚወርደው መንገደኛ፣ በወርኀ ክረምት ምድሩ በድንገት ነጭ ሲለብስ፣ በበጋም ማለዳ ውርጭ ሲጋገርበት ያያል። የሚሳፈርበት አይሱዙ ወይም ሕዝቡ አባዱላ የሚለው ሚኒባስ፣ እንደ ብዙዎቹ የእሽቅድምድም መኪናዎች፣ በኋላ ጎማዎቹ እየተገፋ የሚሄድ ነውና፣ የዚህን መኪና ጠባይ ማወቅ ለሹፌሩም ለተሳፋሪውም የሕይወት ጉዳይ ነው።

በእንዲህ ያለው መኪና የሞተሩ ኃይል በካርዳን አማካይነት ወደ ዲፈረንሻል፣ ከዲፈረንሻሉም ወደ ኋላ ጎማዎች ይደርሳል፤ የፊቶቹ ጎማዎች ግን ለመሪው ብቻ ይታዘዛሉ። መኪናው ሲፈጥን ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያጋድል የሚገፉት ጎማዎች ደረቁን መንገድ አጥብቀው ይይዛሉ፤ ፈጣን መኪና የሚሠሩ መሐንዲሶች ይህን ሥርዓት የወደዱትም ስለዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ጎማ መሬትን የሚይዝበት ኃይል እንደ መንገደኛ ስንቅ የተወሰነ ነው፤ ለመግፋት የወጣው፣ ወደ ጎን ላለመንሸራተት ከሚያስፈልገው ላይ ይጎድላል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘበት ጀምሮ በደረቅ አስፋልት 9 ሜትር ያህል ሄዶ ሲቆም፣ በተረገጠ በረዶ ላይ ከ30 ሜትር በላይ፣ በግግር በረዶ ላይ ደግሞ ከ60 ሜትር በላይ ይንሸራተታል።

ባዶ አይሱዙ ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው ሞተሩና ጋቢናው ከፊት ሆነው፣ የሚገፉት ጎማዎች የሚጫናቸው ክብደት ስለሚያንስ ነው። ሹፌሩ በኩርባ ላይ ነዳጅ አብዝቶ ቢረግጥ የኋላ ጎማዎች በባዶ ይሽከረከራሉ፣ የመኪናውም ኋላ ወደ ውጭ ይሸሻል። በዚያች ቅጽበት ፍሬን መርገጥ ጥፋትን መጥራት ነው፤ የሚበጀው እግርን ከነዳጁ በለሆሳስ አንሥቶ፣ ዓይንን ከገደሉ ወደ መንገዱ መልሶ፣ መሪውን ኋላው ወደሸሸበት ወገን ማዞርና መኪናው ሲቃና ወዲያው ማቅናት ነው።

ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን የተሠራው የሊማሊሞ መንገድ፣ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ሲወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት በጠመዝማዛ የሚያወርድ ስለ ሆነ፣ ልባም ሹፌር ፍሬኑ እንዳይግል በከባድ ማርሽ ይወርደዋል። በረዶ በጣለ ጊዜ ግን በዚህ መልካም ልማድ ውስጥም አደጋ አለ፤ ከኩርባው መካከል ማርሽ ቀንሶ ፍሪሲዮኑን በድንገት የሚለቅ ሰው፣ ሞተሩ የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለሚይዝ፣ የእጅ ፍሬን እንደ ሳበ ያህል መኪናውን ያዞረዋል። ማርሹ ከቁልቁለቱ በፊት፣ ፍጥነቱም ከኩርባው በፊት ሊቀነስ ይገባል።

ክብደት በቦታው ከዋለ ግን የኋላ ጎማ በበረዶ ላይም ሞገስ ያገኛል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በከተሞቻችን የታወቀችው ቮልስ ሞተሯ ከኋላ፣ በሚገፏት ጎማዎች አጠገብ ስለ ተቀመጠ፣ ጭቃና ዳገት አያስፈራትም ነበር። ሞተሩ እንዲሁ ከኋላ የሆነው ፖርሽ 911ም፣ በስዊድናዊው ብዮርን ዋልደጎርድ እጅ በ1961 እና በ1962 ዓ.ም. በአልፕስ ተራሮች በረዶና ግግር ላይ የሚካሄደውን የሞንቴ ካርሎን ራሊ አሸንፏል። አይሱዙ የሚነዳውም ሰው ከዚህ ትምህርት ይውሰድ፤ ባዶ ከሚወጣ ይልቅ፣ በኋላ አክስሉ ላይ አሸዋ በጆንያ ጭኖ በገመድ ይሰር፣ ሰንሰለት ቢኖረው በሚገፉት ጎማዎች ላይ ያጥልቅ፣ በዳገት ሲነሣም ኃይሉ እንዲለዝብ በሁለተኛ ማርሽ ይነሣ። መኪናው መውጣት ያቃተው እንደ ሆነ ረዳቱ ወርዶ ታኮ ያድርግ፤ በረዶው እስኪሟሟ ቆሞ መጠበቅ ለሹፌር ነውር አይደለም።

ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ግን ሹፌሩ ብቻውን ሲጠነቀቅ አይደለም። ጥርሱ ያለቀ ጎማ አስሮ መኪናውን ወደ ደጋ የሚልክ ባለንብረት፣ «ቶሎ በል፣ መሸብን» እያለ ከኋላ የሚወተውት ተሳፋሪም የአደጋው ተካፋዮች ናቸው። ስለዚህ ባለንብረቱ ጎማውን በጊዜ ይለውጥ፤ ተሳፋሪውም ሹፌሩ ቆመን እንጠብቅ ባለ ጊዜ ጋቢውን ተከናንቦ በትዕግሥት ይጠብቀው።