ድምፅና ማስተዋል፦ በፊልም መንኮራኩሮችና በቦሌ አውሮፕላኖች ውስጥ ስለሚናገሩ ኮምፒዩተሮች

መግቢያ

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በቦሌ፣ በገርጂ፣ በጎሮና በሰሚት አካባቢ የሚማር ተማሪ የአውሮፕላን ድምፅ ሳይሰማ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ይኸው ተማሪ ወደ ቤቱ ሲመለስ በቴሌቪዥን ወይም በእጅ ስልክ ከሚመለከታቸው ፊልሞች መካከል ስለ ጠፈር ጉዞ የሚተርኩ አይታጡም። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ መንኮራኩሯን የሚመራት ኮምፒዩተር እንደ ሰው ይናገራል፤ ይመክራል፤ ያጽናናል፤ አንዳንድ ጊዜም የጉዞ ባልደረቦቹን ይከዳል። ተማሪው በማግሥቱ ለመምህሩ የሚያቀርበው ጥያቄም «ኮምፒዩተር በእርግጥ ያስባልን? አንድ ቀንስ ሊያምፅብን ይችላልን?» የሚል ነው።

ጥያቄው ከፊልም የመነጨ ቢሆንም እንደ ልጅ ጨዋታ ተቆጥሮ የሚታለፍ አይደለም። የሚናገር ኮምፒዩተር በምናብ ብቻ የሚገኝ ነገር መሆኑ ቀርቷል፤ ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በሚነሡት የመንገደኞች ጄቶች ውስጥ ዘወትር ይገኛል። ስለሆነም ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ፊልሞቹ የሚያሳዩትን፣ ቀጥሎ በአውሮፕላን ውስጥ ያለው እውነተኛው መሣሪያ የሚሠራበትን መንገድ፣ በመጨረሻም መምህሩ ከሁለቱ ንጽጽር ለክፍሉ ሊያገኝ የሚችለውን ትምህርት ያብራራል።

ፊልሞቹ የሚያሳዩት

ከእነዚህ ፊልሞች መካከል እጅግ የታወቀው ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣው «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ነው። ድርሰቱን ኩብሪክ ያዘጋጀው ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከአርተር ሲ. ክላርክ ጋር በመሆን ነው። ወደ ጁፒተር በምትጓዘው መንኮራኩር ውስጥ «ሃል 9000» የተባለ ኮምፒዩተር አለ። ሃል እንደ ሰው ያለ አካል የለውም፤ የሚታየው ቀይ ዓይኑ፣ የሚሰማው ደግሞ ለስላሳ ድምፁ ብቻ ነው። ድምፁን የሰጠው ካናዳዊው ተዋናይ ዳግላስ ሬን ነበር። ሃል አንድ መሣሪያ ሊበላሽ መቃረቡን ለጠፈርተኞቹ ይነግራቸዋል፤ እነርሱ ግን መሣሪያውን አውጥተው ሲመረምሩት ጉድለት አያገኙበትም። ሊያጠፉት መመካከራቸውን ከከንፈራቸው እንቅስቃሴ በተረዳ ጊዜ በሕይወታቸው ላይ ይነሣል። በመጨረሻም የተረፈው አንዱ ጠፈርተኛ የማስታወሻ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ሲነቅላቸው ኮምፒዩተሩ «ዴይዚ ቤል» የተባለውን አሮጌ ዘፈን እየዘፈነ ድምፁ እየሰለለ ይጠፋል።

ይህ ትዕይንት ያለ ምክንያት የገባ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ በሚገኘው የቤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች አንድን የአይ.ቢ.ኤም. ኮምፒዩተር ይህንኑ ዘፈን እንዲዘፍን አድርገውት ነበር። ክላርክም ቤተ ሙከራውን በጎበኘ ጊዜ ሰምቶታል። ያ ኮምፒዩተር በዘፈኑ ውስጥ ስላለው ፍቅርም ሆነ ስለ ብስክሌቱ አንዳች የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ የተሰጡትን ቁጥሮች ወደ ድምፅ ሞገድ ይለውጥ ነበር እንጂ። እንግዲህ ድምፅ ያለ ማስተዋል ሊኖር እንደሚችል ፊልሙ ከመሠራቱ ከሰባት ዓመት በፊት ታይቷል ማለት ነው።

ሪድሊ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው «ኤሊየን» በተባለው ፊልም ደግሞ የመንኮራኩሯ ኮምፒዩተር «እናት» ተብላ ትጠራለች። ይሁን እንጂ ይህች «እናት» ከመንኮራኩሯ ባለቤት ኩባንያ የተቀበለችውን ምሥጢራዊ ትእዛዝ ይዛለች፤ ትእዛዙም በጉዞው ላይ የሚገኘው እንግዳ ፍጡር ይምጣ፣ የሠራተኞቹ ሕይወት ቢጠፋም ይጥፋ የሚል ነው። በሃልም ረገድ ነገሩ ከዚህ እምብዛም አይርቅም። የጉዞውን እውነተኛ ዓላማ ከመንኮራኩሯ ውስጥ የሚያውቀው ሃል ብቻ እንደነበር የሚገለጠው ኮምፒዩተሩ ከጠፋ በኋላ ነው።

በመሆኑም ፊልሞቹ አንድ የሚያሳስት፣ አንድ ደግሞ እውነተኛ ትምህርት ይሰጣሉ። የሚያሳስተው፣ ድምፅ ካለ ከድምፁ በስተኋላ አንድ ሙሉ አእምሮና ፈቃድ አለ የሚለው ነው። እውነተኛው ደግሞ አደጋው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ማሽኑን ያዘጋጁት ሰዎች ከሰጡትና በመንኮራኩሯ ውስጥ ያሉት ሰዎች ከማያውቁት ትእዛዝ መሆኑ ነው። ይህን ለመረዳት ከጠፈር ወደ ቦሌ መመለስ ይበቃል።

የአውሮፕላን ድምፅ ከየት ይመጣል?

በዘመናዊ የመንገደኞች አውሮፕላን የአብራሪዎች ክፍል ውስጥ የሚሰማው ድምፅ የአንድ ኮምፒዩተር አይደለም። በአውሮፕላኑ ውስጥ በርካታ ኮምፒዩተሮች ሲኖሩ፣ እያንዳንዱ የተወሰነ ሥራ አለው፤ አብዛኞቹም አይናገሩም። ከሚናገሩት መካከል ዋነኛው ወደ መሬት የመቃረብ አደጋን የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ ነው። ለዚህ መሣሪያ መፈልሰፍ ስሙ የሚጠቀሰው በካናዳ የተወለደው መሐንዲስ ዶን ቤትማን ሲሆን፣ መሣሪያው በአየር መንገዶች ዘንድ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ምንም ብልሽት የሌለባቸው አውሮፕላኖች በደመናና በጨለማ ምክንያት ከተራራ ጋር እየተጋጩ ብዙ ሕይወት ይጠፋ ነበር።

አሠራሩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። በአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ያለው መለኪያ የሬዲዮ ሞገድ ወደ መሬት ይልካል፤ ሞገዱ ነጥሮ እስኪመለስ ከሚወስደው ጊዜም ከፍታውን ያገኛል። ኮምፒዩተሩ ይህን ከፍታ አውሮፕላኑ ከሚወርድበት ፍጥነት ጋር ያነጻጽራል። ውጤቱ አስቀድሞ ከተወሰነው ልክ ካለፈ በማስታወሻው ውስጥ የተቀመጠውን ቃል ያሰማል፤ ይኸውም «ፑል አፕ» ማለትም «ወደ ላይ ሳብ» የሚለውን የመሰለ ነው። የትምህርት ቤት ደወል ሰዓቱ ሲደርስ እንደሚጮህ፣ ነገር ግን ትምህርቱ ስለ ምን እንደሆነ እንደማያውቅ፣ ይህ መሣሪያም ልኩ ሲታለፍ ይናገራል እንጂ ተራራ ምን እንደሆነ አያውቅም። ቢሆንም የብዙ ሰው ሕይወት አድኗል። ማሽን ጠቃሚ ለመሆን ማሰብ አያስፈልገውም።

የመጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. አደጋ

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ወደ ናይሮቢ ለመጓዝ ከቦሌ ተነሣ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ 8 ነበር። ስድስት ደቂቃ ያህል ከበረረ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ ሕይወታቸው አለፈ። ከአራት ወር በላይ ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ተመሳሳይ አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር።

በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ላይ «ኤምካስ» በሚል አጭር ስም የሚታወቅ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ተጨምሮ ነበር። ሥራው ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር የሚፈጥረው ማዕዘን ከመጠን በላይ ሲሰፋ የጅራቱን አግድም ክንፍ በማንቀሳቀስ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ማውረድ ነው። ማዕዘኑን የሚለኩ ሁለት መለኪያዎች በአፍንጫው ግራና ቀኝ ቢኖሩም ፕሮግራሙ በአንድ በረራ የሚያምነው አንዱን ብቻ ነበር። በበረራ 302 ላይ አውሮፕላኑ እንደተነሣ የግራው መለኪያ 74.5 ዲግሪ ሲያመለክት የቀኙ 15.3 ዲግሪ ያመለክት ነበር። አንድ አውሮፕላን በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ሊሆን አይችልም። ፕሮግራሙ ግን የግራውን አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ።

በዚያን ጊዜ በአብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ ድምፅ አልጠፋም። የዋናው አብራሪ መሪ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የመሬት አስጠንቃቂውም አትውረድ የሚል ትርጉም ያለውን ቃል ደጋግሞ አሰምቷል። ሆኖም ይህ የሚናገረው ኮምፒዩተር ጅራቱን የሚያንቀሳቅሰው ኮምፒዩተር አልነበረም። አንዱ አትውረድ ሲል ሌላው ያወርድ ነበር፤ የሚያወርደውም ድምፅ የለውም። ሁለቱ መለኪያዎች አለመስማማታቸውን የሚገልጸው ምልክትም በብዙዎቹ የዚህ ዓይነት አውሮፕላኖች ላይ የማይሠራ እንደነበር ከአደጋው በኋላ ታውቋል። ከኢንዶኔዥያው አደጋ በፊት ኤምካስ የሚባል ነገር መኖሩ በአብራሪዎች መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ አልተገለጠም ነበር።

አብራሪዎቹ የጅራቱን ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን ኤሌክትሪክ አጥፍተው በእጅ ለማስተካከል ሞክረዋል፤ አልሆነላቸውም። ኤሌክትሪኩ ዳግመኛ ከተመለሰ በኋላ ፕሮግራሙ እንደገና ሠራ፤ አውሮፕላኑም ሊመለስ ከማይችልበት ደረጃ ደረሰ።

እዚህ ላይ የፊልሙና የእውነቱ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። ኤምካስ አላመፀም፤ አልከዳም፤ ሰውን ለመግደል አላሰበም። የታዘዘውን ብቻ፣ ልክ እንደታዘዘው ፈጸመ። ጥፋቱ የነበረው ለአንድ መለኪያ በተሰጠው ከልክ ያለፈ እምነትና ከአብራሪዎቹ በተሰወረው ትእዛዝ ላይ ነው። በአንጻሩ «ኤሊየን» የተባለው ፊልም በአንድ ነገር ከእውነቱ ጋር ይገናኛል፦ ተጓዦቹ የማያውቁት ትእዛዝ በማሽኑ ውስጥ ነበር።

ከአደጋው በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ አውሮፕላኑ በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታገደ። በኋላም ፕሮግራሙ ሁለቱን መለኪያዎች እንዲያነጻጽር፣ ካልተስማሙ እንዳይሠራ፣ ቢሠራም ለአንድ ምክንያት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆንና አብራሪው በመሪው ሊያሸንፈው በሚችልበት መጠን እንዲወሰን ተደረገ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም አውሮፕላኑን ወደ በረራ የመለሰው በ2014 ዓ.ም. ነው። የተወሰደው መፍትሔ ማሽኑን ይበልጥ «እንዲያስብ» ማድረግ ሳይሆን ሁለተኛ ምስክር እንዲጠይቅና ለሰው እንዲታዘዝ ማድረግ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

አማርኛ የሚናገር ማሽን

ጉዳዩ የአብራሪዎች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አይኮግ ላብስ የተባለው ድርጅት፣ በሆንግ ኮንግ በሚገኘው ሃንሰን ሮቦቲክስ በተሠራችው ሶፊያ በተባለች ሮቦት ሶፍትዌር ሥራ ተካፍሏል። ሶፊያም በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባን ስትጎበኝ በአማርኛ ተናግራለች።  በሕዝብ ፊት ከምታሰማው ንግግር ውስጥ ግን ብዙው አስቀድሞ የተዘጋጀ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በተስፋፉት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች ዘንድ ንግግሩ አስቀድሞ አይጻፍም። ፕሮግራሙ ብዛት ካለው ጽሑፍ የቃላትን አካሄድ ተምሮ ቀጥሎ ሊመጣ የሚገባውን ቃል እየገመተ መልስ ያዘጋጃል። መልሱ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ በሚሳሳትበት ጊዜ ግን በዚያው በተረጋጋ አነጋገር ይሳሳታል። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል እንደሚባለው፣ አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሁሉ በቀላሉ ይታመናል። ማሽኑ አማርኛ ባሳመረ ቁጥርም ተማሪው የመጠራጠር ልማዱን ሊተው ይችላል።

ለክፍል የሚሆን ሥራ

መምህሩ ይህን ሐሳብ ያለ ኮምፒዩተር ሊያስተምር ይችላል። ሁለት የወረቀት ሜትር ይዘጋጃል፤ ከአንደኛው ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ይጣላል፤ የቀሩት ቁጥሮች ግን እንዳሉ ይተዋሉ። ሁለት ተማሪዎች አንድን ጠረጴዛ ከወረቀቱ ጫፍ ጀምረው ለየብቻ ይለካሉ። «ድምፅ» ተብሎ የተመረጠው ሦስተኛ ተማሪ ከተቆረጠው ሜትር የተገኘውን ቁጥር ብቻ ተቀብሎ፣ ጠረጴዛውን ሳያይ፣ ለክፍሉ በእርግጠኝነት ያውጃል። ክፍሉም ውጤቱን ያምን እንደሆነ ይጠየቃል። ቀጥሎ ሁለተኛው ቁጥር ይነገርና የ10 ሳንቲ ሜትሩ ልዩነት ከየት እንደመጣ ተማሪዎቹ እንዲመረምሩ ይደረጋል። «ድምፅ» የሆነው ተማሪ አልዋሸም፤ ግን ትክክል አልተናገረም። ተማሪዎቹ ይህን ልዩነት ራሳቸው ከደረሱበት ትምህርቱ ተሳክቷል ሊባል ይችላል።

ከዚህ በኋላ ተማሪዎች ስለማንኛውም የሚናገር ማሽን፣ በፊልምም ይሁን በሕይወት፣ ሦስት ጥያቄዎችን እንዲያቀርቡ መልመድ አለባቸው፦

1ኛ. የሚናገረውን ያገኘው ከየት ነው? የሚያመሳክርበት ሁለተኛ ምንጭስ አለውን?

2ኛ. ያዘዘው ማን ነው? ትእዛዙንስ የሚጠቀሙበት ሰዎች ያውቁታልን?

3ኛ. በተሳሳተ ጊዜ የሚያስቆመው ማን ነው? እንዴትስ ያስቆመዋል?

ማጠቃለያ

«ኮምፒዩተር ሊያምፅብን ይችላልን?» ብሎ የጠየቀው ተማሪ ከመምህሩ የሚያገኘው መልስ በፌዝ የታጀበ ሊሆን አይገባም፤ ፍርሃትን የሚያነግሥም መሆን የለበትም። ሃል የደራሲዎች ፍጥረት ነው። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሡት 157 ሰዎች ግን በእውነት የነበሩ ናቸው፤ ለሞት ያበቃቸውም የማሽን አመፅ ሳይሆን ያልተመሳከረ ቁጥርና በወቅቱ ያልተነገረ ትእዛዝ ነው። በምሥራቅ አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ከተቀመጡት ልጆች መካከል ነገ አብራሪ፣ የጥገና ባለሙያ ወይም የፕሮግራም አዘጋጅ የሚሆኑ አሉ። እነዚህ ልጆች ከዛሬ ጀምረው ሁለተኛውን መለኪያ መጠየቅ እንዲለምዱ ማድረግ የሳይንስ መምህሩ ብቻ ሳይሆን የቋንቋውም፣ የሒሳቡም መምህር ድርሻ ነው።