ሳቅ ያለበት ሙግት

የፍርድ ቤት ድራማ ሲባል ብዙዎቻችን ፊታቸውን ያኮሳተሩ ዳኞች ይታዩናል። በአሜሪካው ኤቢሲ ጣቢያ ከ1997 እስከ 2001 ዓ.ም. የታየው የዴቪድ ኬሊ «ቦስተን ሊጋል» ግን ሙግትን ከቀልድ ጋር ያዋዛል። ከ101 ክፍሎቹ አንዱ፣ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የቀረበው «ዘ ኮርት ሱፕሪም»፣ ለቤተሰብ ውይይት የሚሆን ቁም ነገር አለው።

ጠበቃው አለን ሾር (ጄምስ ስፔደር) በጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኝ ዳኞች ፊት ይቆማል። ደንበኛው ሕፃን ደፍሯል ተብሎ ሞት የተፈረደበት፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው ነው። ሾር ምላሱን መግታት የማይችል ሰው በመሆኑ የሥራ ባልደረቦቹ ሥጋት ያስቀናል። ከዚያ ግን ሳቁ ይቆምና ጥያቄው ይመጣል፤ ሁሉም ለሚጠላው ተከሳሽ ማን ይናገርለታል?

ታሪኩ ከእውነት የራቀ አይደለም። በዚያው ወር እውነተኛው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሉዊዚያና የመጣ ተመሳሳይ ጉዳይ እየሰማ ነበር። በሰኔም 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ተጠቂዋ ካልሞተች ለዚህ ወንጀል የሞት ቅጣት አይገባም ሲል ወሰነ።

ድራማው እንከን አያጣውም። ሾር ዳኞቹን እንደዚያ መውቀሱ ለተመልካች ይጥማል እንጂ በእውነተኛ ችሎት ደንበኛውን ይጎዳል። የጠበቃው አንደበት ሲደምቅም የተጎዳችው ሕፃን ሕመም ይደበዝዛል።

አንደበትና ሙግት ለእኛ አዲስ አይደሉም። ቀድሞ በ«በላ ልበልሃ» ተሟጋቾች በማርና በፈረስ እየተወራረዱ፣ በሰላ ንግግር ችሎቱን ያስቁ ነበር። የምዕራብ ዓባያና የሌላው ጋሞ ሰው ደግሞ ዱቡሻ አለው። ዱቡሻ በምርቃት ተከፍቶ በምርቃት ይዘጋል፤ ሰው በየተራው ይናገራል፤ የተወቀሰውም ይደመጣል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የቡራዩ ጥቃት ያስቆጣቸው ወጣቶች አርባ ምንጭ ላይ ሲወጡ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበረከኩ፤ ባላጠፋ ሰው ላይ ሊወርድ የነበረውን በቀልም አስቆሙ። ድራማው በጠበቃ አፍ የሚለውን አባቶች በጉልበታቸው ተናገሩት፤ ቁጣ ዳኛ አይሁን።

ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይደነግጋል። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለውና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነም መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። የሞት ቅጣት በእኛም የወንጀል ሕግ ውስጥ ስላለ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

ክፍሉ ለሕፃናት አይሆንም። በዕድሜ ከፍ ካሉት ልጆችዎ ጋር ግን ቢያዩት መልካም ነው። ሲያልቅ «ማን አሸነፈ?» ከማለት ይልቅ «የተጎዳችውም የተከሰሰውም እኩል ተሰምተዋል?» ብለው ይጠይቋቸው። ነገ ሠፈር ውስጥ «ሌባ!» ተብሎ ሰው ሲከበብ፣ ይህን የሚጠይቅ አንድ ልጅ መኖሩ ነፍስ ያድናል።