የመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች

በፖከር ጠረጴዛ ዙሪያ ጎበዙን ከጀማሪው ለመለየት የያዙትን ካርታ ማየት አያስፈልግም። ማን ቶሎ ቶሎ እንደሚጥል ማየት ይበቃል። ዘጠኝ ሰው በተቀመጠበት ጨዋታ ልምድ ያለው ተጫዋች ከሚታደለው ካርታ አብዛኛውን ሳያንገራግር መልሶ ይጥለዋል። ጀማሪው ግን “ምን ይታወቃል?” ብሎ ይገባል፤ ብዙ ጊዜም የሚበላው በዚሁ ነው።

ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው የፖከር ዓይነት ቴክሳስ ሆልደም ይባላል። ካርታው ተበውዞ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ሁለት ይታደላል፤ እነዚህን ባለቤታቸው ብቻ ያያቸዋል። ከዚያ አምስት የጋራ ካርታዎች መሃል ላይ ይገለጣሉ፦ መጀመሪያ ሦስት በአንድ ላይ፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ። በየመሃሉ ውርርድ አለ። ከሰባቱ የተሻለውን አምስት ያቀናጀ፣ ወይም ሌሎቹን ሁሉ አስፈራርቶ ያስጣለ፣ የተከማቸውን ብር ይበላል። ሁለት ሰዎች ደግሞ በየተራ ካርታቸውን ሳያዩ የግዴታ መደብ ያስይዛሉ። ይህ ባይኖር ሁሉም ሰው መንታ ኤስ እስኪደርሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር፤ መንታ ኤስ የሚመጣው ደግሞ በአማካይ ከ221 እደላ አንዴ ነው።

ከ52 ካርታ ሁለት ሁለት ሲወጣ 1,326 ጥምረት ይገኛል። ጨዋታው ሲጀመር የትኛውም ምልክት ከሌላው እንደማይበልጥ ታስቦ ሲጠቃለል 169 ይቀራል፦ 13 መንታ፣ 78 ባለ አንድ ምልክት፣ 78 ባለ ሁለት ምልክት። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ከእነዚህ ውስጥ ገንዘብ የሚገባቸው የትኞቹ ናቸው የሚል ነው።

አሜሪካዊው ዴቪድ ስክላንስኪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለጨዋታ የሚበቁትን በስምንት ምድብ ደልድሎ ብዙዎችን አስተምሯል። ከእሱ በኋላ የመጣው የሒሳብ ሊቁ ቢል ቼን ሠንጠረዥ ከመሸምደድ የሚገላግል የነጥብ ስሌት አበጀ። ከሁለቱ ካርታዎች ትልቁ ይታያል፤ ኤስ 10፣ ኪንግ 8፣ ክዊን 7፣ ጃክ 6፣ ሌላው የቁጥሩን ግማሽ ያገኛል። መንታ ከሆነ ነጥቡ በሁለት ይባዛል፤ ከ5 ግን አያንስም። ምልክታቸው አንድ ከሆነ 2 ይጨመራል። በመካከላቸው አንድ ካርታ ከጎደለ 1፣ ሁለት ከጎደለ 2፣ ሦስት ከጎደለ 4፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 5 ይቀነሳል። ሁለቱም ከክዊን በታች ሆነው ተከታታይ ከሆኑ ወይም አንድ ብቻ ከጎደለ 1 ይመረቃል። በዚህ ሒሳብ መንታ ኤስ 20 ሲያገኝ፣ ምልክታቸው የተለያየ ሰባትና ሁለት ከዜሮ በታች ይወርዳሉ።

ስሌቱ ጥሩ መነሻ ነው፤ ከመነሻነት ግን አያልፍም። ኤስና ኪንግ ምልክታቸው ቢለያይም 10 ነጥብ አላቸው፤ መንታ ሁለት 5 ብቻ። ሁለቱ ለብቻቸው እስከ መጨረሻው ካርታ ቢፋለሙ ግን በጥቂቱ የሚያመዝነው መንታ ሁለት ነው። መንታ ሁለትን ደግሞ ባለ አንድ ምልክት ጃክና አስር ይበልጡታል። እነዚህን ጃክና አስር መልሰው የሚበልጡት እነዚያው ኤስና ኪንግ ናቸው! ስለዚህ “የቱ ይበልጣል?” ለሚል ሰው “ከማን ጋር?” ተብሎ ቢመለስለት ያስኬዳል።

ከማን ጋር ብቻ ሳይሆን ከስንት ሰው ጋርም መባል አለበት። መንታ ኤስ አንድን ተጋጣሚ ከመቶ 85 ጊዜ ያህል ያሸንፋል። በጠረጴዛው ያሉት ዘጠኙም ሰዎች ካርታቸውን ሳይጥሉ እስከ መጨረሻው ከዘለቁ ግን ዕድሉ ወደ 35 ይወርዳል። መንታ ኤስ የያዘ ሰው መደቡን ከፍ አድርጎ ሌሎቹን የሚያባርረው ለዚህ ነው።

ጀማሪ ጨርሶ የማያየው ግን ወንበሩን ነው። ኤስና ክዊን የደረሰውን ሰው እንውሰድ። እሱን ክፉኛ የሚያስጨንቁት መንታ ኤስ፣ መንታ ኪንግ፣ መንታ ክዊን እንዲሁም ኤስና ኪንግ ናቸው። ሰውየው ከዘጠኙ መጀመሪያ የሚናገር ከሆነ ከኋላው ስምንት ሰው አለ፤ ከስምንቱ ቢያንስ አንዱ ከእነዚህ አንዱን የመያዙ ዕድል 15 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሌሎቹ ጥለው ከኋላው ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር ግን 4 በመቶ አካባቢ ነው። ካርታው ያው ነው፣ የተለወጠው ተራው ብቻ። ከዚህም ሌላ ኋላ የሚናገር ሰው የሌላውን ድፍረትና ፍርሃት አይቶ ይወስናል፤ ፊተኛው በጭፍን ይገባል።

የቴክሳሱ ተጫዋች ዶይል ብራንሰን ኤስና ክዊንን በመጽሐፉ “አልጫወተውም” ካሉት አንዱ ነው። የሚገርመው በስሙ የሚጠራው ዝነኛ ካርታ አስርና ሁለት መሆኑ ነው፤ በማንኛውም ሠንጠረዥ ቢታይ ውዳቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1977 ላስ ቬጋስ ላይ የዓለም ፖከር ውድድርን ሲያሸንፍ በሁለቱም ዓመት የመጨረሻው እደላ የሰጠው ይህንኑ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሦስቱ ካርታዎች ሲገለጡ እየተመራ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ የመጨረሻው ካርታ አስር ሆኖ እሱ አሸነፈ። ያንን ታሪክ ሰምተው አስርና ሁለትን ያሳደዱ ሰዎች የከፈሉት ዋጋ ቢደመር ከሽልማቱ ሳይበልጥ አይቀርም።

ለጀማሪ አንድ ሌላ ወጪም አለ። አጫዋች ቤቱ ከየጨዋታው ከተከማቸው ብር የራሱን ድርሻ ይቆርጣል። ስለዚህ ግማሽ በግማሽ የሚመስል ካርታ ውሎ አድሮ ኪሳራ ነው። ነገሩን መፈተሽ የፈለገ አንባቢ ብር ማስያዝ አይጠበቅበትም፤ ካርታ በውዞ በዘጠኝ ቦታ ሁለት ሁለት ያድል፣ የቼንን ነጥብ ይጻፍባቸው፣ አምስቱን ገልጦ ማን እንዳሸነፈ ይመዝግብ። ሃምሳ ጊዜ ያህል ከደጋገመው በኋላ ስንቱን መጣል እንደነበረበት ከወረቀቱ ላይ ያገኘዋል።