በሚዛን የተጋለጠው የካርድ ማሽን

በሆቴሎችና በሱፐርማርኬቶች ሒሳብ መክፈያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ፖስ ማሽን ራሱን የቻለ ኮምፒዩተር ነው። አጭበርባሪዎች የሚደርሱበትም በኔትወርክ መስመር ብቻ አይደለም። ብሎኑን ፈትቶ ውስጡን የሚነካካ እጅም አለ።

መሣሪያው ይህን እንዲከላከል ተደርጎ ይሠራል። ከሽፋኑ ሥር መከፈቱን የሚለዩ ትናንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ይገጠሙበታል። የባንኩ ሚስጥራዊ ቁልፎች የሚቀመጡበት ክፍል ደግሞ እንደ መረብ በተዘረጉ ቀጫጭን ሽቦዎች ይከበባል። ማሽኑ ከኤሌክትሪክ ቢነቀል እንኳ ትንሽ ባትሪ ጥበቃውን ታስቀጥላለች። ሽቦው ከተበጠሰ ቁልፎቹ ወዲያው ይደመሰሳሉ፤ ማሽኑም ከሥራ ውጪ ይሆናል። ዓላማው የሌባውን ወጪ ከሚያገኘው ትርፍ በላይ ማድረግ ነው።

ይሁንና ጥበቃው ምን እንደሚሸፍን መጠየቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር በሰፊው ይሠራባቸው የነበሩ ሁለት መሣሪያዎችን መረመሩ። ሁለቱም የደኅንነት ማረጋገጫ ያላቸው ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ቁልፎቹን መንካት አላስፈለጋቸውም። በአንደኛው ጀርባ በኩል ባለ ቀዳዳ የተቃና የወረቀት ክሊፕ አስገብተው ካርዱና ማሽኑ የሚነጋገሩበትን መስመር አገኙ። በዚያ መስመር የሒሳብ ቁጥሩና የሚስጥር ቁጥሩ ሳይመሰጠሩ ያልፉ ነበር። የባንኩ ቁልፍ ታጥሮ የደንበኛው ቁጥር ሜዳ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ዴይሊ ቴሌግራፍ ጋዜጣ የባሰ ዜና ይዞ ወጣ። በእንግሊዝና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ሱቆች የገቡ ማሽኖች ለነጋዴው ከመድረሳቸው በፊት ተከፍተው፣ የመረጃ መስረቂያ ተጨምሮባቸው፣ እንደገና በሚገባ ታሽገው ነበር። ከውጭ ሲታዩ ምንም ምልክት ስላልነበራቸው መርማሪዎች የተነካኩትን የለዩት በሚዛን ነው። የተበላሹት ከጤነኞቹ 100 ግራም ገደማ ይከብዱ ነበር።

በመሆኑም ማሸጊያው አለመቀደዱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ዓለም አቀፍ ካርድ የሚቀበሉ ነጋዴዎች የሚመሩበት የካርድ ኢንዱስትሪው የደኅንነት ደንብ ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2015 ጀምሮ ሦስት ነገሮችን ግዴታ አድርጓል። እነዚህም የእያንዳንዱን ማሽን መለያ ቁጥርና የሚገኝበትን ቦታ መመዝገብ፣ ማሽኑን በየጊዜው መፈተሽና ሠራተኞችን ማሠልጠን ናቸው።

በተግባር ሲታይ ማሽኑ በገባበት ቀን ፎቶ አንስቶና መዝኖ መዝገብ ላይ ማስፈር፣ ከዚያም ብሎኑን፣ ገመዱንና ቀዳዳዎቹን ማየት ይበቃል። "ከባንክ የመጣሁ ጠጋኝ ነኝ" የሚል ሰው ሲመጣም ማሽኑ የሚሰጠው ባንኩ ጋ ተደውሎ ማንነቱ ከተረጋገጠ በኋላ መሆን አለበት። በተለይ "ይኼኛው ይሻላል" ብሎ ሌላ ማሽን ተክቶ ሊሄድ የሚፈልግን መጠንቀቅ ይገባል።

ወጪው አንድ መዝገብና ጥቂት ደቂቃ ነው። ቁጥሩ ከአንድ ሱቅ እንደወጣ የሰማ ደንበኛ ግን ካርዱን እዚያ ዳግም አያወጣም።