ፎርማት ከመደረጉ በፊት

ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሳጉሬ የዲገሉና ጢጆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንደ ብዙዎቹ የወረዳ ከተሞች ሁሉ ማመልከቻ የሚተየብባቸው፣ ፎቶ ኮፒ የሚነሳባቸው፣ ለስልክ ዘፈንና ፊልም የሚጫንባቸው ቤቶች አሏት። እንዲህ ባሉ ቤቶች ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ፍርዱ አይዘገይም። «ጋሼ፣ ይሄ ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም» ይባላል። ባለቤቱም እሺ ይላል፤ የዓመታት ደብዳቤ፣ የተማሪ ውጤት፣ የሠርግ ፎቶ አብሮ ይሄዳል።

በማግስቱ ኮምፒውተሩ ስለሚፈጥን ፍርዱ ትክክል የነበረ ይመስላል። ቫይረስና አላስፈላጊ ፕሮግራም መጥፋቱ ድርሻ አለው። የቀረው ፍጥነት ግን ፋይሎቹ በባዶ ዲስክ ላይ እንደ አዲስ ተከታትለው በመጻፋቸው የመጣ ነው። ይህን ደግሞ ዊንዶውስ ውስጥ የተቀመጠ መሣሪያ አንድም ፋይል ሳያጠፋ ይሠራዋል፤ ዲፍራግመንቴሽን፣ ባጭሩ ዲፍራግ።

ሃርድ ዲስክ ማለት የሚሽከረከር ማግኔታዊ ሰሌዳና በላዩ ወዲያ ወዲህ የሚመላለስ ክንድ ነው። ዊንዶውስ ፋይሉን ብዙውን ጊዜ በ4 ኪሎ ባይት ክላስተር እየለካ ያስቀምጣል፤ ተከታታይ ባዶ ቦታ ሲያጣ ቁርጥራጩን ባገኘው ክፍተት ይወሽቃል። ዲፍራግ እነዚያን ቁርጥራጮች ሰብስቦ ጎን ለጎን ያደርጋቸዋል።

የመበታተኑ ጉዳት በቁጥር ሲታይ ይገባል። የተለመደ የላፕቶፕ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። ክንዱ ወደ ሌላ ትራክ ለመሻገር በአማካይ 12 ሚሊ ሰከንድ፣ የሚፈለገው ቦታ ዞሮ እስኪመጣ ደግሞ ወደ 5.6 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። እንግዲህ አንድ ባለ 4 ሜጋ ባይት ፎቶ በ100 ቦታ ተበትኖ ከሆነ በመንገድ ብቻ 1 ሰከንድ ከሦስት ሩብ ይባክናል። ያው ፎቶ በአንድ ቦታ ቢሆን፣ ዲስኩ በሰከንድ 100 ሜጋ ባይት የሚያነብ ከሆነ፣ ጠቅላላ ሥራው 0.06 ሰከንድ ገደማ ነው። አንድ ፎልደር ሙሉ የሠርግ ፎቶ ሲከፈት ልዩነቱ ምን እንደሚሆን ማስላት ነው።

በአርሲ ኮምባይነር የሚያከራይ ሰው ይህን ስሌት ወረቀት ሳያወጣ ያውቀዋል። በመኸር ማሽኑ ከአንዲት ቁራጭ ማሳ ወደ ሌላዋ ሲጓዝ የሚጠፋው ጊዜ፣ ስንዴውን ለማጨድ ከሚወስደው ሊበልጥ ይችላል። ማሳው ሰፊ ሲሆን ግን ጉዞው ከቁጥር አይገባም፤ ብዙ ሰው የሚስተውም ይህችን ሁለተኛዋን ነጥብ ነው።

ስሕተቱ ከመሣሪያው ታሪክ ይጀምራል። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤምኤስ-ዶስ 6.0 ማይክሮሶፍት ከሲማንቴክ ፈቃድ የወሰደበትን የዲፍራግ ፕሮግራም ይዞ መጣ። ዊንዶውስ 95 ባለ ቀለም ካሬዎች አሳየ፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተበታተነውን በቀይ፣ የተያያዘውን በሰማያዊ መስመር አሰመረ። ቀዩ መስመር ሰውን አሳሳተ። ሁሉም ነገር ሰማያዊ ካልሆነ ዲስኩ ታሟል ተብሎ ተወሰደ፤ በሳምንት ሦስትና አራት ጊዜ ዲፍራግ የሚያደርጉ፣ ሌሊቱን አፍጥጠው የሚጠብቁ ተፈጠሩ። ከቪስታ ወዲህ ግን ዊንዶውስ 64 ሜጋ ባይትና ከዚያ በላይ የሆነን ቁራጭ እንደ ስብርባሪ አይቆጥረውም፤ ልክም ነው። 64 ሜጋ ባይት ለማንበብ 640 ሚሊ ሰከንድ ከወሰደ፣ ወደሚቀጥለው ቁራጭ ለመሻገር የሚጠፋው 18 ሚሊ ሰከንድ 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። በ20 ትልልቅ ቁራጭ የተከፈለ ፊልም ያለ ምንም መቆራረጥ ይታያል። ዲፍራግ የሚጠቅመው ጥቃቅን ፋይል ለበዛበት ዲስክና ለራሱ ለዊንዶውስ ነው። ዜሮ በመቶ ስብርባሪን ማሳደድ ዲስኩን በከንቱ ማልፋት ነው።

ከዚያ ይልቅ መቆጣት የሚገባው ዲስኩን እስከ አፉ የሚሞላውን ነው። ይህ ጸሐፊ አርሲ ውስጥ በአንድ ፊልም መጫኛ ቤት ያየው ባለ 1 ቴራ ባይት ዲስክ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት የቦታ ማሳያው ቀይ ሆኖ ነበር። አሮጌው ፊልም ሲሰረዝ ትንሽ ክፍተት ይገኛል፤ አዲሱ እዚያው ይጠቀጠቃል፤ የተረፈው በሌላ ክፍተት። እንዲህ ባለ ዲስክ ላይ ዲፍራግ ራሱ መላወሻ ያጣል። የኤክስፒው መሣሪያ ሥራውን በደንብ ለመጨረስ 15 በመቶ ባዶ ቦታ ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬም ያን ያህል መተው ደግ ነው። ዲፍራግ ቦታ እንደማይጨምርም ይታወቅ፤ ያለውን ያስተካክላል እንጂ።

ስለ ሃርድ ዲስክ ከተነሳ፣ የደጋ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። የክንዱ ጫፍ ሰሌዳውን አይነካም፤ ሰሌዳው ሲዞር በሚፈጥረው ስስ አየር ላይ ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ጫፉ ወደ ሰሌዳው ይቀርባል። ስለዚህ አምራቾች ለአብዛኞቹ ዲስኮች የሥራ ከፍታ ጣሪያ 3,048 ሜትር ይላሉ። ሳጉሬ ወደ 2,500፣ በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር ስለሆኑ ችግር የለም። ከ4,000 ሜትር በላይ በሚደርሰው ጭላሎ ጫፍ ላይ ግን ላፕቶፕ መክፈት የሚፈልግ ሰው ባለ ኤስኤስዲውን ቢይዝ ይሻለዋል።

ኤስኤስዲ ክንድ የለውም። የትኛውም ቁራጭ የትም ቢቀመጥ የመድረሻው ጊዜ ተቀራራቢ ነው፤ የሚጻፍበት ብዛት ደግሞ የተወሰነ ነው። ፍላሽና የስልክ ሚሞሪም እንዲሁ። እነዚህን ዲፍራግ የሚያደርግ ሰው ምንም ሳያተርፍ ዕድሜያቸውን ይቀንሳል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ሲስተሙ ራሱ ኤስኤስዲን ለይቶ ትሪም የሚባለውን ሌላ ሥራ ይሠራለታል።

ዲፍራግ እየተደረገ መብራት ቢጠፋስ? ስጋቱ ተገቢ ቢሆንም የተጋነነ ነው። በኤንቲኤፍኤስ፣ ማለትም በተለመደው የዊንዶውስ የፋይል አደራደር፣ በተዘጋጀ ዲስክ ላይ ቁራጩ መጀመሪያ በአዲሱ ቦታ ይገለበጣል፤ ቦታውን የሚያሳየው መዝገብ የሚቀየረው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጭ ቀጭ የሚል ወይም ፋይል አልገለብጥም የሚል ዲስክ ግን ዲፍራግ ፈጽሞ አይደረግበትም። ክንዱ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ሲያስስ የቀረችውን ነፍስ ይጨርሳታል፤ አስቀድሞ ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው።

ዊንዶውስ 7 ዲፍራግን ሮብ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ቀጥሮ ነው የሚመጣው። በዚያ ሰዓት የሳጉሬ ጽሕፈት ቤቶች ተዘግተው ኮምፒውተሮቹ ጠፍተዋል፤ ጠዋት ሲከፈት ደግሞ ደንበኛ ተሰልፎ ስለሚጠብቅ ማሽኑ ያመለጠውን ዲፍራግ ለማካሄድ ሥራ አይፈታም። ቀጠሮውን ወደ ምሳ ሰዓት ለመቀየር ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።