የሚዳስስ ጣትና ዝም ያለ ነርቭ

በመርካቶ ሸማ ተራ የተመላለሰ ሰው ሁሉ ይህን ሳያይ አይቀርም። ጋቢ ወይም ነጠላ ልትገዛ የመጣች እናት ዋጋውን ከመጠየቋ በፊት የሸማውን ጠርዝ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ይዛ ታሸዋለች። ፈትሉ ቀጭን ይሁን ወፍራም፥ ድርና ማጉ የጠበቀ ይሁን የላላ፥ ዐይኗ ሳይመሰክርላት ጣቷ ይነግራታል። ነጋዴውም ይህንኑ ስለሚያውቅ፥ «እናቴ፥ ዳሰስ አድርገው ይዩት» ይላታል።

ለመሆኑ ጣት ያገኘውን ወሬ ወደ አንጎል የሚያደርሰው ማን ነው? በዚህ ወር ጽሑፋችን ይህን ለአንባብያን ልንገልጽ እንወዳለን። የመልእክተኛውን ጠባይ ያወቀ ሰው፥ መልእክተኛው ሲታመም ምልክቱን ፈጥኖ ይረዳልና።

መልእክተኛው ነርቭ ይባላል። ብዙ ሰው ነርቭን ከጅማት ጋር ያደባልቀዋል፤ ነገር ግን ጅማት ሥጋን ከአጥንት ጋር የሚያያዝ ጠንካራ ገመድ ሲሆን፥ ነርቭ ወሬ የሚያልፍበት መንገድ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ፥ ነርቭ አብረው የታሰሩ እጅግ ብዙ ክሮች ነዶ ሆኖ ይገኛል። እያንዳንዱም ክር የአንድ ነርቭ ሴል ረጅም ክንድ ነው። ከጣት ጫፍ ተነሥቶ እስከ አከርካሪ የሚዘልቀው ክር ርዝመቱ አንድ ሜትር ሊጠጋ ይችላል፤ ውፍረቱ ግን ከጠጉር እጅግ ያንሳል።

ወሬው በዚህ ክር ላይ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። የኤሌክትሪኩም ምንጭ በደማችንና በሥጋችን ውስጥ የሟሟው ጨው ነው። ጨው በውሃ ሲሟሟ አዮን ወደ ተባሉ፥ ኤሌክትሪክ ወደ ተሸከሙ ቅንጣቶች ይከፋፈላል። ከእነዚህ መካከል ሶዲየም ከሴሉ ውጭ፥ ፖታሲየም ደግሞ ከሴሉ ውስጥ በብዛት ይገኛሉ። በሴሉ ሽፋን ላይ ያለ ረቂቅ ፓምፕ ከምግብ ባገኘነው ኃይል እየሠራ፥ በእያንዳንዱ ዙር 3 ሶዲየም ወደ ውጭ ያስወጣል፥ 2 ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል። ከፖታሲየሙም ጥቂቱ ተመልሶ ወደ ውጭ ስለሚሾልክ፥ የክሩ ውስጥ ከውጩ ይልቅ 70 ሚሊቮልት ያህል ኔጋቲቭ ሆኖ ይቆያል። ይህም ከአንድ ባትሪ ድንጋይ ኃይል ሃያ አንደኛው እጅ ገደማ መሆኑ ነው።

ጣት ሸማውን ሲነካ፥ በክሩ ጫፍ ላይ ያሉ ጥቃቅን በሮች ይከፈታሉ፤ ሶዲየምም በጥድፊያ ወደ ውስጥ ይገባል። በአንድ ሺሕኛ ሴኮንድ ውስጥ ኔጋቲቭ የነበረው ፖዚቲቭ ይሆናል። ወዲያው የሶዲየሙ በር ይዘጋል፤ ፖታሲየም ይወጣል፤ ክሩም ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመለሳል። ነገር ግን ይህ ለውጥ አጠገቡ ያለውን በር አስከፍቶ አልፏል፤ ያም ቀጣዩን ያስከፍታል። ነገሩን በሸማ ተራ እንመስለው። አንድ ነጋዴ ከተራው ጫፍ ሆኖ ቢጮህ ድምፁ ከጥቂት ሱቅ አያልፍም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ነጋዴ የሰማውን ለጎረቤቱ በሙሉ ድምፅ ቢደግምለት፥ ወሬው ሳይደክም እስከ መጨረሻው ሱቅ ይደርሳል። ነርቭም ወሬውን በየቦታው እንደ አዲስ ስለሚያስነሣው በመንገድ ላይ አይዳከምም። ነገሩ ሲበረታም የአንዱ ምልክት ኃይል አይጨምርም፤ ምልክቶቹ ይደጋገማሉ እንጂ።

ይህን ሥራ በሚገባ ያስረዱት ሆጅኪንና ሐክስሊ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሊቃውንት ናቸው። ስኩዊድ የተባለውን የባሕር እንስሳ ወፍራም የነርቭ ክር መርምረው ውጤቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 አሳተሙ፤ በ1963ም ከሌላ ሊቅ ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ወሬው በሁሉም ክር ላይ በእኩል ፍጥነት አይሄድም። ራቁቱን ያለ ክር በሴኮንድ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ያደርሳል። የመዳሰስን ወሬ የሚያደርሱት ክሮች ግን፥ ሰው ጋቢ ደራርቦ እንደሚለብስ፥ ሽዋን የተባሉ ሴሎች ደጋግመው የጠቀለሉላቸው ቅባታማ ልብስ አላቸው። በልብሱ መካከል በየሚሊሜትሩ ገደማ ክፍተት ስላለ፥ ወሬው ከክፍተት ወደ ክፍተት እየዘለለ በሴኮንድ 50 ሜትር ያህል ይጓዛል። እጃችንን የጋለ ምጣድ ሲያቃጥለን አስቀድሞ እንደ መርፌ የሚወጋ ሕመም፥ ጥቂት ቆይቶም የሚለበልብ ሕመም የሚሰማን በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፊተኛው ልብስ ባለው ክር፥ ኋለኛው ራቁቱን ባለው ክር ይመጣልና።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። የነርቩን ልብስ መኖሪያው የሚያደርግ ጠላት አለ፤ እርሱም የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1873 ያገኘው ሐንሰን የተባለ የኖርዌይ ሐኪም ነው። ባክቴሪያው በሽዋን ሴሎች ውስጥ ይራባል። ሰውነትም ሊዋጋው ሲነሣ ነርቩ ያብጣል፥ ክሮቹም ይጎዳሉ፥ ወሬውም በመንገድ ይቀራል። ቀዝቀዝ ያለውን የሰውነት ክፍል ስለሚመርጥ፥ ለቆዳ ቀረብ ብለው የሚያልፉትን ነርቮች ያጠቃል። ክርናችንን ጠንካራ ነገር ሲመታን እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረን ነርቭ አንዱ ነው።

ብዙ ሰው ሥጋ ደዌ ጣትን በልቶ የሚቆርጥ ይመስለዋል፤ እንዲህ ግን አይደለም። ሕመም ዘበኛ ነው። ዘበኛው ዝም ሲል፥ እሳት ሲያቃጥል እጅ አይሸሽም፤ መርፌ ሲወጋ አይታወቅም፤ ጫማ ሲልጥ እግር አያርፍም። ጣትን የሚያጠፋው እንዲህ ሳይታወቅ የሚደጋገመው ቁስል ነው።

ደዌው በዘር አይወርድም፥ እርግማንም አይደለም፤ ይድናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ብዙ መድኃኒቶችን በአንድነት የመስጠትን ሕክምና ያጸደቀ ሲሆን፥ ይህም እንደ ደዌው ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል፤ ለሕመምተኛውም በነፃ ይሰጣል። ሕክምናው ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ደዌው ወደ ሌላ ሰው መተላለፉን ያቆማል። በአዲስ አበባ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት ለዚሁ ሕክምናና ትምህርት የቆመ ነበር፤ ዛሬም ከሌሎች ሕመሞች ጋር ይህን ያክማል። በአጠገቡም በሐንሰን ስም የተሰየመው የምርምር ተቋም ይገኛል።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ ከብዙ ጊዜ በፊት የሞተውን ነርቭ አያስነሣም። የነርቭ ጉዳት ከጀመረ 6 ወር ሳይሞላው ሐኪም ዘንድ ለደረሰ ሰው ግን፥ እብጠቱን በሚያበርድ መድኃኒት ስሜቱ የመመለስ ተስፋ አለው። ስለዚህ ጣትን የሚያድነው ቶሎ መድረስ ነው።

ምልክቱም ይህ ነው፤ ከሌላው ቆዳ የነጣ ወይም የቀላ፥ የማያሳክክና የማያም ቦታ፤ በእጅ ወይም በእግር መደንዘዝ፤ የጣት መድከም። የጤና ባለሙያ ይህን ሲመረምር፥ ሰውዬው ዐይኑን ጨፍኖ ሳለ በቀጭኑ በተፈተለ ጥጥ ቆዳውን ነካ እያደረገ የተነካበትን ቦታ እንዲያመለክት ይጠይቀዋል።

እናንተ መምህራን፥ በተማሪ ፊት ወይም ክንድ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ ስታዩ በክፍል ጓደኞቹ ፊት ስሙን አታንሡ፤ ወላጆቹን ለብቻ ጠርታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ምከሩ። እናንተም የከተማችን ነዋሪዎች፥ የገዛ ቤተ ሰባችሁን ቆዳ ተመልከቱ። በሸማ ተራ የጥጡን ልስላሴ የሚለየው ጣት ይህን ችሎታውን የሚያጣው በአንድ ቀን አይደለም፤ ለማዳን ጊዜ አለ፥ ግን ረጅም አይደለም።